የዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ልጆችን ዓርብ ዓርብ ከሰዓታቸው በፊት ስለመውሰድ

እንደምን ሰነበታችሁ? የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ያልወሰዳችሁ ቢሮ መጥታችሁ ውሰዱ፤ የውሃ ታንከሩ ተጠግኗል፤ የሰርቪስ ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለዚህ አይደለም።

ባለፈው ዓርብ አንድ አዛውንት ጋብዘን ነበር። ሰባውን አልፈዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሰው እንላክልዎ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከመርካቶ በሁለት ታክሲ መጡ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች አዳራሽ ውስጥ ሊሰሟቸው ቀጠሮ ነበራቸው። እንግዳው ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ ወንበር ባዶ ነበር። ልጆቹ አልፎረፉም። እናንተ ቀድማችሁ ወስዳችኋቸው ነው።

አዛውንቱ ወንበሮቹን አዩና «ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት እንደዚያን ዕለት ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«እዚያ ነበርኩ» የምንለው ፕሮግራም በወር ሁለት ዓርብ ነው ያለው። በስፖርት ታሪካችን ውስጥ አንድን ትልቅ ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ይመጣል። ያየውን ይናገራል። ልጆች ይጠይቁታል። አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ በቃ።

«ለምን ስፖርት? ሌላ ታሪክ የለም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለ። ግን ብዙው ታሪካችን ያየው ሰው ለልጅ ሊነግረው የሚከብድ ነው። የስታዲየም ቀን ግን ጎረቤታችሁ አይቶታል፣ ባለሱቁ አይቶታል፣ አያታችሁ አይተውታል። ልጅ ፊት ተቀምጠው ሳይሳቀቁ ሊያወሩት ይችላሉ። እኛ የምንፈልገው ልጆቹ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ታሪክ መስማት እንዲችሉ ነው። ጠይቀው፣ አዳምጠው፣ የሰሙትን ጽፈው እንዲመለሱ ነው።

ያመለጣችሁን ልንገራችሁ። ማለቴ፣ ልጆቻችሁን ያመለጣቸውን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን፣ ሚካኤል በገባ ማግስት። አዲስ አበባ ላይ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። የእኛ ቡድን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ደርሷል። ግብጽ፣ ያኔ የተባበሩት አረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፣ ኡጋንዳን ጥላ መጥታለች። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውም እሷው ነች።

እንግዳችን ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ። ለጥምቀት የተሰፋላቸውን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሱ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ስታዲየም ገቡ። ግብጽ ቀድማ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ተነስቶ ጮኸ። ጩኸቱ ሳያባራ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ግብጽ ደገመች። «እኔ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ እየጨፈርኩ ነበር» አሉ። «ሁለተኛው ጎል ሲገባብን አላየሁትም። ያየሁት የወንድሜን ፊት ነው። ፊቱ ላይ ነው ጎሉን ያወቅሁት።»

ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄዱ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ደግመን አላነሳነውም።

ሲወጡ በግፊያው ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀደደ። እናቴ ትገድለኛለች ብለው እየፈሩ ቤት ገቡ። እናታቸው ግን ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የእኔ ሸሚዝ ለጥምቀትም ሆነ፣ ለዋንጫም ሆነ» አሉን።

ከዚያ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «አባባ፣ ያንን ጎል ባለማየትዎ ይቆጭዎታል?» አለች። እሳቸው ዝም አሉ። አዳራሹም ዝም አለ። «ወንድሜ ከሞተ ቆየ» አሉ በመጨረሻ። «ጎሉን ያየ ብዙ ሰው አለ። የሱን ፊት ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት ልጆች መካከል አንድም የተንቀሳቀሰ አልነበረም። የእናንተ ልጅ በዚያ ሰዓት የት ነበር? መኪና ውስጥ፣ ትራፊክ መብራት ላይ።

አሁን መልሳችሁን እሰማዋለሁ። «የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደርሷል፣ ልጁ ሂሳብ መሥራት ሲገባው ተረት ይሰማል» ትሉኛላችሁ። ስለ ፈተናው ከማንም ያላነሰ እጨነቃለሁ። ግን እባካችሁ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ተመልከቱ። ዓርብ የመጨረሻው ፔሬድ ድሮም የክበባት ሰዓት ነው። ከሂሳብ አልተወሰደም። ከእንግሊዝኛም አልተወሰደም። የቅዳሜው ማጠናከሪያም እንዳለ ነው። እንዲያውም ልጆቻችሁን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወስዱ የሚያመልጣቸው «እዚያ ነበርኩ» ብቻ አይደለም። ከሱ በፊት ያለው የሳይንስ ፔሬድ አብሮ ይቀራል። ፈተናው የሚያሳስበው ወላጅ የሳይንስ ፔሬድ አያስቀርም።

«ከፍለን የምናስተምረው ኳስ እንዲያወሩ ነው ወይ?» የሚልም ይኖራል። ልጆቻችሁ ኳስ ማውራት ከእኛ አልተማሩም። የአርሴናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው ይነግሯችኋል። በጥር 1954 አራተኛውን ጎል ማን እንዳገባ ስጠይቃቸው ግን አንድም ልጅ አልመለሰም። መንግሥቱ ወርቁን አያውቁትም። ይህ ያሳዘነኝ እኔን ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

«ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ» ደግሞ ተብያለሁ፣ ቢሮዬ ድረስ ተመጥቶ። ዩቲዩብን ስለ ወንድሙ ፊት መጠየቅ አይቻልም። ሌላ የምለው የለኝም።

አንዲት እናት ልጃቸው በባዶ እግሩ አስፋልት ላይ ሲሮጥ እንዳገኙት ነግረውኛል። መቆጣታቸው ልክ ነው፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ስለ አበበ ቢቂላ በተነገረበት ዓርብ ማግስት ነው የሆነው። ግን ያ ልጅ የመጣው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነበር፤ ሰርቪስ ሳይሆን አጎቱ መጥቶ በመሀል ወሰደው። ስለዚህ የሰማው ጳጉሜን 5 ቀን 1952ን ብቻ ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም፣ ችቦ በበራበት መንገድ፣ በባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ቀጥሎ የተነገረውን ቢሰማ ኖሮ፣ አበበ የተገኘለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በለመደው በባዶ እግሩ መሮጡን ያውቅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ መሮጡንም ያውቅ ነበር። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ልጁን ከእግሩ መላጥ የሚያድነው የታሪኩ ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። ልጅን በመሀል ማውጣት እንዲህ ያደርጋል።

ሌላም አለ። «ሽማግሌዎች ይረሳሉ፣ የተሳሳተ ነገር ይነግሯቸዋል» ተብሏል። እውነት ነው፣ ሰው ይረሳል። ፕሮግራሙም የተሠራው ይህን አስቦ ነው። ልጆቹ የሰሙትን ጽፈው ሰኞ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። የታሪክ መምህራችን ይረዷቸዋል። የቱ ላይ ሰውየው ልክ ናቸው፣ የቱ ላይ ተሳስተዋል፣ ለምን ተሳሳቱ ብለው ይወያያሉ። ይህንን ትምህርት እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አላገኘሁትም።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርኩ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ረትታናለች። 2 ለ 0 ካሸነፍን ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል እናልፋለን። ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፍን 31 ዓመት ሆኖናል። የሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ አገባ፣ አለፍን። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ስሙን ሳልጠይቀው ተለያየን። ይህንን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አንዱ ጎል ከእረፍት በፊት ነው የገባው አልኳቸው። ለዓመታት እንዲያ ስናገር ኖሬያለሁ። ሰኞ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ቢሮዬ አንኳኩቶ፣ «ቲቸር፣ ሁለቱም ከእረፍት በኋላ ነው የገቡት» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ልክ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ዳይሬክተሩን በማስረጃ ማረም የቻለ ልጅ ሚኒስትሪን አይፈራም። ሚኒስትሪን ያነሳሁት እናንተ ስለምታነሱት ነው።

ፖለቲካ ይገባበታል የምትሉ ካላችሁ፣ እስካሁን ማንም እንግዳ ፖለቲካ አላወራም። ንጉሡ ዋንጫ ሰጡ ማለት ፖለቲካ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

ትራፊኩን አውቀዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የከተማው መንገድ ምን እንደሚመስል አይጠፋኝም፤ እኔም በዚያው መንገድ ነው ቤቴ የምገባው። ሥራ ያለባችሁ፣ ከሩቅ የምትመጡ፣ ታናናሽ ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት የምታነሱ አላችሁ። ችግራችሁን አልናቅሁም። ግን በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ነው የምለምናችሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት አልፎ ልጁ በር ላይ ሲጠብቃችሁ እኛ ቅር ብሎን አያውቅም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ በሩ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚከፈተው። ሕመም ወይም ለቅሶ ያጋጠመው ወላጅ ጠዋት ኮሚኒኬሽን ቡክ ላይ ይጻፍልን፤ ልጁን ራሴ በር ድረስ አመጣዋለሁ። ጥበቃዎቻችንን ግን እባካችሁ አታስጨንቋቸው፣ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። ቅሬታ ካለ ወደ እኔ ይምጣ።

የሚቀጥለው እንግዳችን የአንድ ተማሪያችን አያት ናቸው። የሚኖሩት አውስትራሊያ ነው፣ ለጥየቃ መጥተው ነው ያገኘናቸው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር መጨረሻ ላይ የቀደመበት ማታ ነው። 27 ደቂቃ ከሮጡ በኋላ ልዩነታቸው 0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋል። እሳቸው በቀጣዩ ሳምንት ወደ አውስትራሊያ ይመለሳሉ። ሌላ ዓርብ አናገኛቸውም።

ከእናንተ መካከል፣ ወይም ከወላጆቻችሁ መካከል፣ በጥር 1954 ስታዲየም የነበረ ሰው ካለ ንገሩን። ባለፈው ሳምንት የመጡት እንግዳም ጉልበታቸው ከፈቀደ ላልሰሙት ልጆች ደግመው ሊያወሩ ተስማምተዋል። በታክሲ እንዲመጡ ግን ሁለተኛ አልፈቅድም። ዓርብ በመርካቶ በኩል የሚያልፍ፣ መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ ያለው ወላጅ እስከ ረቡዕ ቢሮዬ ብቅ ብሎ ይንገረኝ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር