ስለዚያች ቆሮሶ

ባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ይህን ያህል ዘመን ድምፄ ስለጠፋብህ ይቅርታህን እየለመንሁ፣ ከነቤተሰብህ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ የልጅነታችን ነገር ነው። በዚያ ክረምት በአባትህ ታንኳ ሆነን መረቡ ሲሳብ፣ አንዲት ቆሮሶ የምንላት ዓሣ አፏን ከፍታ ጥቃቅን ዓሦች በታንኳው ደንገል ላይ ስታራግፍ አየንና ልጆቿን በልታለች አልን፤ አንተም ያን ዕለት ዓሣ አልቀምስም ብለህ አለቀስህ። እናትህ «እናት ልጇን አትበላም» ቢሉን አላመንናቸውም።

ቆሮሶ ልጆቿን የምታሳድገው በአፏ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየጫረ ክብ ጎድጓዳ ያዘጋጃል፤ እሷ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ እሱም ዘሩን ያፈስበታል፤ ወዲያው ለቃቅማ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እሱ እዚያው ቀርቶ ሌላ እንስት ይጠብቃል። አንዳንድ የነጭ ዓሣ ወገኖች ግን በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥተው፣ እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ጥለው ይመለሳሉ።

የእንቁላሉ ጅማሬ እጅግ ያስደንቀኛል። ሕይወት የሚሆነው ክፍል በአስኳሉ አናት ላይ እንደ ትንሽ ቆብ ይሰበሰብና ለ2፣ ለ4፣ ለ8፣ ለ16 እያለ ይከፈላል፤ አስኳሉ ስንቅ ስለሆነ አይከፈልም። ሕዋሳቱ ሲበዙ አስኳሉን ከላይ ወደ ታች እየሸፈኑ ይወርዳሉ፤ ከጠርዙም ገሚሶቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ጡንቻና አንጀት የሚሆኑት ከቆዳና ከአእምሮ ከሚሆኑት የሚለዩት በዚህ እጥፋት ነው።

ባለፈው ሰኔ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከአንዲት ቆሮሶ አፍ የወጡ እንቁላሎች ሰጥቶኝ በማጉያ መነጽር ስመለከታቸው ዋልሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቁር ዐይኖች ነበሩ፤ ከዐይኖቹም በታች አንዲት ቀይ ነጥብ ትር ትር ትላለች፤ ልብ ነበረች። በማግስቱ ግን በሣህን ውስጥ በረጋ ውኃ ስላቆየኋቸው ነጥተው ሻገቱ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እናቲቱ በአፏ ውስጥ ሳታቋርጥ የምታገላብጣቸው ለካ አየርና ንጽሕና እንዲያገኙ ነው።

ውኃው ሞቅ ካለ በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ አስኳላቸው ከሆዳቸው ሥር ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ግን ስንቁ እስኪያልቅ ከአፏ አይወጡም። እሷም ያን 2 ሳምንት ያህል ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከወጡ በኋላ እንኳ አደጋ ሲያዩ ተሯሩጠው ወደ አፏ ይመለሳሉ። እኛ ያየናት በመረብ ተይዛ ሲጨንቃት የተፋቻቸውን ነው።

ያ ዓሣ አጥማጅ አሁን አፏ የሞላ ቆሮሶ በመረቡ ስትገባ ወደ ውኃው ይመልሳታል። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ያን ዕለት የተናገሩት እውነት እንደነበረም ንገራቸው።

ወንድምህ