ለግንባታ ሠራተኞች የመብትና የደኅንነት መመሪያ ዝግጅት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የግንባታ ሙያ ባልደረቦች፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባላትና የሠራተኛው መብት የሚገዳችሁ ወገኖች በሙሉ፤

የግንባታ ሠራተኛ በማኅበር ለመደራጀት የሚቸገርበት ዋናው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት በአንድ ግቢ ስለሚገናኙ የመሠረቱት ማኅበር ከእነሱም በኋላ ይቀጥላል። ሕንፃ ሲያልቅ ግን የሥራ ቦታው ራሱ ይዘጋል፤ ግምበኛው፣ አናጺው፣ ፌሮ ሠራተኛውና የቀን ሠራተኛው በየፊናቸው ይበተናሉ፤ ለወራት ተከራክረው ያስከበሩት ነገርም በሚቀጥለው ሳይት ከዜሮ ይጀመራል። በዚህ ላይ ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያም ሠራተኛ ወደሚያቀርበው ደላላ እየወረደ ስለሚሄድ፣ ክፍያው የቀረበት ሠራተኛ ማንን መጠየቅ እንዳለበት እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ሥራው ሠራተኛውን ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውረው ከሆነ፣ መብቱን የሚያስረዳው እውቀትም አብሮት መዞር አለበት ብለን እናምናለን። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈና በሥዕል የተደገፈ የኪስ መጽሐፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም በስልክ የሚደመጥ የድምፅ ቅጂ አዘጋጅተን በነፃ ለማሠራጨት ተነሥተናል። ረቂቁን ያዘጋጁት ሙያተኞች፣ መሐንዲሶችና የሕግ ባለሙያዎች ጊዜያቸውን ያለ ክፍያ ሰጥተዋል። ቀሪው ሥራ ግን ያለ ገንዘብ አይሆንም።

መመሪያው የሚነሣው ዓለም አቀፍ እውቅና ካገኙ መብቶች ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 87 የመደራጀት ነፃነትን፣ በ1949 ያወጣው ቁጥር 98 ደግሞ በኅብረት የመደራደር መብትንና የማኅበር አባል በመሆን ምክንያት ከሚደርስ መድልዎ የሚደረግን ጥበቃ ይደነግጋሉ። ለሙያችን ከሁሉም የሚቀርበው ግን በ1988 የወጣው የግንባታ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 167 ነው። አንቀጽ 12 ሠራተኛው ለደኅንነቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ ከባድና ቅርብ አደጋ መኖሩን ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ከቦታው የመራቅ መብት ይሰጠዋል፤ ወዲያውኑ ለአለቃው የማሳወቅ ግዴታም ይጥልበታል። ይህች ሁለተኛዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ሳይናገር የሄደውን ሰው ሥራ ጥሎ ጠፋ ብሎ መክሰስ ቀላል ነው፤ ባልደረቦቹ እየሰሙ ለፎርማኑ ያሳወቀው ግን የሚከራከርበት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ የድርጅቱ አባል አገሮች ሁሉ ስምምነቶቹን ባያጸድቁም እንኳ ይህን መብት የማክበር ግዴታ አለባቸው።

የአደጋውን ምዕራፍ ስንጽፍ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየንበት የመሠረትና የቧንቧ ቁፋሮ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ግድግዳው ተንዶ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም እንኳ ደረቱ መስፋት ስለማይችል ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት የሚያያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አሳይተናል፤ የተቆፈረው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ መከመሩን፣ ግድግዳው በድጋፍ መያዙን ወይም በተዳፋት መቆረጡን፣ መውጫ መሰላል በቅርብ መኖሩን፣ ከዝናብ በኋላ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለመታየቱን። የትኛውም የራስ ቁር ከዚህ ዓይነት ናዳ አያድንም፤ ሄልሜት በማደል ብቻ ደኅንነት ተጠበቀ ማለት ልክ አይደለም።

የክፍያው ምዕራፍ ሠራተኛው የራሱን መዝገብ እንዲይዝ ያስተምራል፤ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሠራበት ቦታ፣ ያሠራው ሰው ስም፣ የተቀበለው ገንዘብ። ባዶ ወረቀት ላይ ወይም በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ሰነድ ላይ እንዳይፈርም፣ የግድ ቢሆንበት እንኳ ከመፈረሙ በፊት በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣ ይመክራል። ጀርመንን በመሳሰሉ አገሮች ንዑስ ተቋራጩ ያልከፈለውን ዝቅተኛ ደመወዝ ዋናው ተቋራጭ እንዲከፍል ሕግ ያስገድዳል። ይህን መብት የሚጠቀምበት ግን የሠራበትን ቀን ማስረዳት የቻለ ነው።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ሠራተኛውን የአሠሪዎች ጥርስ ውስጥ ያስገባዋል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪታንያ በግንባታ ኩባንያዎች ገንዘብ የተያዘ፣ ሥራ እንዳይሰጣቸው የተፈለጉ ሠራተኞች የሚመዘገቡበት ድብቅ መዝገብ ሲገኝ ከ3,200 በላይ ሰዎች ስም ሰፍሮበት ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተመዘገቡት በማኅበር እንቅስቃሴያቸው ወይም ስለ ደኅንነት በማማረራቸው ነው። በሌላ በኩል የግንባታ ሰዎች መበታተናቸው ከመተባበር እንዳልከለከላቸው ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1856 በሜልቦርን የድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ አቁመው፣ በሌሎች ሳይቶች የሚሠሩትንም ጠርተው ወደ ፓርላማው ሕንፃ ተጓዙ፤ በዚያ ትግልም ደመወዛቸው ሳይቀነስ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አስከበሩ። ብቻውን የሚያማርር ሰው በቀላሉ ይመታል፤ በጋራ የቀረበን ጥያቄ ማፈን ግን ከባድ ነው። መመሪያው በየገጹ ቅሬታን በጽሑፍና በጋራ ማቅረብን የሚያስተምረው ለዚህ ነው።

የምትለግሱት ገንዘብ የሚውለው ለሥዕል ሥራ፣ ለድምፅ ቀረጻ፣ ጽሑፉን ከየአገሩ ሕግ ጋር ለሚያመሳክሩ የሕግ ባለሙያዎች፣ ውሃና አቧራ ለሚችል ወረቀት ኅትመት እንዲሁም በየሳይቱ መመሪያውን ለባልደረቦቻቸው የሚያስረዱ የደኅንነት ተወካዮችን ለማሠልጠን ነው። ለጸሐፊዎቹም ሆነ ለአስተባባሪዎቹ ክፍያ የለም። እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ ለለጋሾች ይቀርባል። በይዘቱ ላይ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ልገሳ፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን፣ አንቀበልም። አነስተኛም ቢሆን በየወሩ የሚሰጥ ድጋፍ በተለይ ይጠቅመናል፤ ሕግ ሲሻሻል ጽሑፉንና ድምፁን አብሮ ማደስ የግድ ነውና።

የሠራተኛ ማኅበራት የሥልጠና ቦታ በመፍቀድና ለአባሎቻቸው ቅጂ በማከፋፈል ሊያግዙን ይችላሉ። ገንዘብ ማዋጣት የማይመቻችሁ ሙያተኞችም ብዙ ልትረዱን ትችላላችሁ። ረቂቁን ለሥራ ባልደረቦቻችሁ አንብባችሁ ያልገባቸውን ቦታ ብታመለክቱን፣ በሳይት ላይ የምትጠሩባቸውን የመሣሪያና የሥራ ስሞች ብትልኩልን፣ ያስፈረሟችሁንም ውሎች ስማችሁን ሸፍናችሁ በቅጂ ብታካፍሉን፣ የውል ምዕራፉን በተጨባጭ ምሳሌዎች አሟልተን ወደ ማተሚያ ቤት ለመላክ ያስችለናል።