ከአምፖል ወደ ከሰል ጆንያ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ በጥቅምት የጀመረው አምፖል በመቁጠር ነበር። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው የቆየ ፖስተር በቤት ውስጥ ካርቦን ስለመቀነስ ሲመክር አንደኛ አድርጎ የሚያነሳው አምፖል መቀየርን ነው። አባላቱም በየቤታቸው ያለውን አምፖል ከነዋቱ መዝግበው መጡ። ባለ 60 ዋቱ አሮጌ አምፖል በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢተካና በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ እንደሚተርፍ አብረን አሰላን። ሰሌዳውን ሳልጠርግ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ የእኛ መብራት የሚመጣው ከግድብ አይደል? ታዲያ ጭሱ የቱ ጋ ነው?»

የዓመቱን ሥራችንን ያቀናው ይህ ጥያቄ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ከጣና በለስ፣ ከግልገል ጊቤ፣ ከህዳሴ ግድብ። እንደ አዳማ ያሉ የነፋስ ማመንጫዎችም ይጨመሩበታል። ፖስተሩ የሚስማማው ኤሌክትሪኩን የድንጋይ ከሰል አንድዶ ለሚያመነጭ አገር ነው። አምፖል መቀየር ከንቱ ነው አልልም፤ አንድ አምፖል በወር የሚያተርፈው ኃይል 3.5 ኪሎ ዋት ለሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የአብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ቤት ጭስ ግን ያለው ማድ ቤት ነው። ስለዚህ አምፖሉን ትተን ወደ ከሰሉ ጆንያ ዞርን።

ኅዳር ላይ ከላቦራቶሪ የወጣው ተንጠልጣይ ሚዛን ተራ በተራ እየተወሰደ፣ እያንዳንዱ አባል ለአንድ ሳምንት ምድጃ ውስጥ የሚገባውን ከሰል መዘነ። ምን እንደተሠራበትም አብሮ ጻፈ፦ ወጥ፣ ቡና፣ ንፍሮ፣ የገላ ውኃ። መዝገቦቹ ሲሰባሰቡ ከ1 ኪሎ ከሰል 3 ኪሎ ሊጠጋ የሚችል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ነገርኳቸው፤ ማንም አላመነኝም። ከአንድ ኪሎ እንዴት ሦስት ኪሎ ይወጣል? ኬሚስትሪ ሳስተምር እንዲህ ያለ ክርክር አጋጥሞኝ አያውቅም። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ የሠሩት እነሱ ናቸው፦ 12 ግራም ካርቦን ሲነድ ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ይወስድና 44 ግራም ጋዝ ይሆናል። ከ1 ኪሎ ከሰል 800 ግራሙ ካርቦን ነው ቢባል፣ የሚወጣው ጋዝ 2.9 ኪሎ ይደርሳል። ትርፉ ክብደት የመጣው ከአየሩ ነው። ከሰሉ ራሱ ከመገኘቱ በፊትም የጠፋ እንጨት አለ፤ በባህላዊው መንገድ አፈር ለብሶ ሲከስል ለ1 ኪሎ ከሰል ቢያንስ 5 ኪሎ ያህል እንጨት ይሄዳል።

ቤተሰቡ ከአዊ የመጣ አንድ አባላችን እዚህ ላይ ተቃወመ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ እንደ ሰብል ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት አሳድጎ፣ አክስሎ፣ መልሶ ይተክላል፤ ታዲያ ያ ካርቦን ተመልሶ ዛፍ ውስጥ ይገባ የለም ወይ አለ። ልክ ነው። መልሶ ከተተከለ ዛፍ የመጣ ከሰልና ግራር ተጨፍጭፎ መሬቱ ባዶ ከቀረበት የመጣ ከሰል አንድ አይደሉም። ችግሩ፣ ጉሊት ላይ የተደረደረው የከሰል ጆንያ ከየትኛው እንደመጣ ገዢው መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የተስማማነው መጠኑን በመቀነስ ላይ ነው፤ ከየትም ይምጣ፣ ጥቂት እናንድድ።

እንዴት እንደሚያንስ ያስተማሩን እናቶች ናቸው፤ እኔ ይህን ያህል አላውቅም ነበር። ብዙ ከሰል የፈጀው ንፍሮና የሽምብራ ቅቅል የተሠራባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ሲያድር ግን ቶሎ ይበስላል። በሸክላ የተለበጠው ላቀች ምድጃ ሙቀቱን ወደ ድስቱ ስለሚሰበስብ ከቆርቆሮው ምድጃ በግልጽ ያነሰ ከሰል ፈጀ። ምግቡ ሲወርድ የቀረውን ፍም ክዳን ባለው ጣሳ አፍኖ ለነገ ማስቀመጥም አለ። (ይህን ስናስተምር ፍም ያለበትን ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ሰው እንደሚገድል ደጋግመን ተናግረናል፤ ለወላጆችም በደብዳቤ ጽፈናል።) ጥር ላይ ካርቶን ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀን የፈላ የምስር ድስት ቀበርንበት። ድስቱን በጋቢ ሸፍነን ክፍለ ጊዜያችንን ጨርሰን ስንመለስ ምስሩ ያለ እሳት በስሎ አገኘነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ቤቶች የተማሩት ከጎረቤት ነው። ኃይል የሚያባክነው ምጣዱ እስኪግል ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ አንዷ ጋግራ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ መጥታ በጋለው ምጣድ ትቀጥላለች። ይህ በብዙ ግቢ የነበረ ልማድ ነው፤ እኛ ያደረግነው ቢኖር በቁጥር መጻፍ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሁሉም ወደ ከሰል እንደሚመለስም መዝገባችን ላይ አለ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ለመግዛት አቅም የሌለውን ቤተሰብ ወቅሰን አናውቅም፤ እንድንወቅስም አልፈቅድም።

ቡናው ግን አልተፈታም። የአንዷ አባል ሴት አያት «የጀበና ቡና በኤሌክትሪክ? እኔ ካለሁ አይሆንም» ብለው ቁርጡን ነገሯት። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ውኃው በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ፣ ጀበናው ግን በትንሽ ፍም ላይ እንዲፈላ ተስማሙ። እማማ ጣዕሙ እንዳልተለወጠ መስክረዋል።

ቆሻሻው ላይ ስንመጣ በመጀመሪያ ተሳስተን ነበር። የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ አየር አጥቶ ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ለዚህ ብለን ከአጥሩ ሥር የብስባሽ ጉድጓድ ቆፈርን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው፣ ጎረቤት አቤት አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እርጥቡን ብቻ እንዲጨምሩ ነበር የነገርኳቸው። ደረቅ ቅጠልና ሰጋቱራ እያነባበርን በየሳምንቱ ማገላበጥ ከጀመርን በኋላ ሽታው ጠፋ። ግንቦት ላይ የወጣው ብስባሽ ለጎመን መደባችን ሆኗል።

ፌስታልን በዘንቢል ስለመተካት የተደረገው ዘመቻ ጥሩ ሄዷል። ለቆራሌው የሚሰጥ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለይቶ ማስቀመጥም እንዲሁ።

ሚዛኑ ላቦራቶሪ፣ በሁለተኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የዘንድሮው መዝገብም አብሮት ተቀምጧል። ስብሰባችን ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሲሆን፣ በመስከረም የሚመጡ አዲስ አባላት የመጀመሪያ ሥራ የክረምቱን ከሰል መመዘን ይሆናል፤ በዝናብ ወራት ልብስ ለማድረቅ የሚነደው ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን አልለካንም።