«በገዛ ፈቃዴ» ብለሽ እንዳትፈርሚ

ልጄ፣

ትናንት ማታ «እማዬ፣ በቃ ሥራውን ልልቀቅላቸው» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ እንባዬ ቀድሞኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ ስገላበጥ አደርኩና ይኸው የጀጎል አዛን ሲሰማ ተነሥቼ እጽፍልሻለሁ። በስልክ የሚባለው ነገር በነጋታው ይረሳል።

ለአባትሽ ገና አልነገርኩትም። ሰምቶ ቢሆን እስካሁን ድሬ ደርሶ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂያለሽ።

አለቃሽ ስልክሽን ከፋይልሽ አውጥቶ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ደወለ። እምቢ አልሽው። በሳምንቱ የሌሊት ፈረቃ ገባሽ፣ ከዚያ «አርፍደሻል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠሽ። እኔ መዝገብ ቤት ስንት ዓመት ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። ሕጉ፣ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ቀድሞ ሳያሳውቁ ወዲያው ማሰናበት ይፈቅዳል። እሱ እየቆጠረልሽ ነው ማለት ነው። አንቺም ቁጠሪ። ደብተር ግዢና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያለውን ቃል፣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ ጻፊ። መልእክቶቹን እንዳታጠፊ። ማስጠንቀቂያ ፈርሚ ካሉሽ «ደርሶኛል፣ አልተስማማሁበትም» ብለሽ ቀን አድርጊበት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ደብቄሻለሁ። አንቺ ሳትወለጂ እኔም እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ፣ ብዕሩን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል። ለሰላም ብዬ ፈረምኩ። ያን ወረቀት ይዤ ማንን ልክሰስ? ራሴ ነኝ እኮ የፈረምኩት።

አንቺ ያለሽበት ጊዜ የተለየ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል፤ በንግግርም በምልክትም ቢሆን። ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ፣ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ አስታውቀሽ፣ ያውም ድርጊቱ በተፈጸመ ወይም በቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ። እንዲያ ከለቀቅሽ የስንብት ክፍያና የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባሻል፤ በሌላ በቂ ምክንያት የለቀቀ የሚያገኘው የ30 ቀን ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ዘጠና ቀንም ለዚህ ሁሉ ውርደት ትንሽ ነች። ቢሆንም ባዶ እጅ ከመውጣት ይሻላል።

መልቀቅ ካልፈለግሽ ደግሞ አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ። ግልባጩ ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ሳያደርጉልሽ ከቢሮው እንዳትወጪ፤ ይህን የመዝገብ ቤት ሴት ምክር ስሚኝ። አቤት ስላልሽ ቢያባርሩሽ ሕጉ ይህን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበለውም፤ ወደ ሥራሽ መመለስ ትጠይቂያለሽ። ለመመለስ የሚጠየቀው ግን በ3 ወር ውስጥ ነው፣ የገንዘቡ ደግሞ በ6 ወር። ቀኑ አልፎባቸው እያለቀሱ የተመለሱ ስንቶቹን አይቻለሁ! ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትሥጊ።

የጓደኛሽ ነገር፣ «ተይ፣ ስምሽ ይጠፋል» ያለችሽ፣ አልገረመኝም። አትቀየሚያት፤ እሷም እዚያው ነው የምትውለው። ምስክርነት ብትፈራ አትጫኛት፤ ብቻ እሷም ያየችውን ለራሷ ጽፋ ብታስቀምጥ ጥሩ ነው።

እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። የድሬ ሙቀት ስለማይችለኝ ሳይረፍድ ለገሃር ጠብቂኝ። ማስጠንቀቂያውን ኮፒ አድርገሽ ያዢ፣ ደብተሩንም። እስከዚያ ምንም ወረቀት አትፈርሚ።

እናትሽ