ስለ ጥቁሩ ድንጋይ፦ ለጋሼና ለሁላችሁም የምስጋና መልእክት

አንድ ልጅ ከጦሳ ተራራ ስር ካለው ፈፋ ጥቁር ድቡልቡል ድንጋይ ካወጣ ወዲህ፣ ገሚሱ ከሰማይ የወደቀ ነው፣ ገሚሱ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ነው ማለቱን ደሴም ኮምቦልቻም ያውቀዋል፤ ዝርዝሩን አንደግመውም። ድንጋዩ ታውቋል፤ ልጁም እፎይ ብሏል። ይህን የምንጽፈው የደሴና የኮምቦልቻ ድንጋይ ሰብሳቢዎች ከልጁ ቤተሰብ ጋር ሆነን ነው፤ ለማመስገን ብቻ።

መጀመሪያ ጋሼ። ስሜን እንዳትጠሩ ብለውናልና አንጠራም። «ከሰማይ የወደቀ ነው» የሚለውና «ውስጡ ኦፓል ነው፣ ፍለጠው» የሚለው ሲጯጯህ፣ «መዶሻውን አስቀምጡት፤ ድንጋይ መጀመሪያ ይመዘናል» ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጁንም «አብሽር፣ የትም አይሄድብህም» አሉት።

የበርበሬ መመዘኛው ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ጣሳ አስቀምጠው ንባቡን ዜሮ አደረጉ። ድንጋዩን በክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አወረዱት፤ ሚዛኑ 255 ግራም አለ። ይህ ድንጋዩ ቦታውን የወሰደበት ውሃ ክብደት ነው፤ አንድ ግራም ውሃ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ የድንጋዩ ይዘትም 255 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። በደረቁ 612 ግራም ስለነበር ለ255 ሲካፈል እፍግታው (ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚመጣው) 2.4 መጣ። ድንጋዩ የጣሳውን ታች ከነካ ሚዛኑ የድንጋዩንም ክብደት መሸከም ስለሚጀምር ቁጥሩ ይበላሻል። ላዩ ላይ የሚጣበቁ የአየር አረፋዎችም ድንጋዩን ከሆነው በላይ ትልቅ፣ እፍግታውንም ዝቅተኛ ያስመስሉታል። ለዚህ ነው ጋሼ አረፋውን በቀለም ብሩሽ እያራገፉ የመዘኑት። ለባዳ ልጅ ድንጋይ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ስንት አለ?

የሰማዩ ወሬ እዚያው ላይ ወደቀ። ከሰማይ የሚወርዱ ድንጋዮች አብዛኞቹ እፍግታቸው ከ3 በላይ ነው፤ የብረቶቹማ 7ን ያልፋል፣ ማግኔትም ይይዛሉ። ይህኛው ማግኔት አጠገቡ ሲደርስ ንቅንቅ አላለም።

ኦፓሉን ማስተው ግን ቀላል አልነበረም፤ በሰው አንፈርድም። በ2008 እ.ኤ.አ. የደላንታ ወገል ጤና ኦፓል ከታወቀ ጀምሮ ወሎ ውስጥ ድቡልቡል ድንጋይ ያየ ሁሉ ልቡ ይሰቀላል። የወገል ጤና ኦፓል ደርቆ ሲመዘን እፍግታው ብዙውን ጊዜ ከ2 በታች ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ኳርትዝ (አጌት የሚባለው ባለ መስመር ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን) ደግሞ 2.65 ነው። 2.4 በመሃል ቆመ። ጋሼ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ በጨርቅ አድርቀው መዘኑት፦ ያው 612። የደላንታው ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ቅርፊቱ ውሃውን ከልክሎት ሊሆን ይችላል ብለው ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። (ኦፓል ያላችሁ፣ ዘይትና ቀለም ያለው ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ የጠጣውን ቀለም መልሶ ማስወጣት አስቸጋሪ ነው።)

አንዱ ጠርዝ ላይ ቅርፊቱ ምስር የምታህል ተነስቶ ነበር። ጋሼ ሞረዱን እዚያች ላይ ጎተቱት፤ ግራጫ መስመር ታየ። «ተጫረ!» ብለን ጮኽን። ጣታቸውን አርጥበው ሲያሹት መስመሩ ጠፋ። የታየው የሞረዱ ብረት ነበር እንጂ ድንጋዩ አልተነካም። ሞረድ በሞስ መለኪያ (የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 የሚለካበት) 6.5 ገደማ ስለሆነ ኦፓልን አብዛኛውን ጊዜ ይበላዋል፤ ወደ 7 የሚጠጋውን አጌት ግን አይደፍረውም።

ጥቁሩን ቅርፊት ደግሞ በሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ፣ ባልተወለወለው በኩል አሹት፤ ጥቁር ቡናማ ዱቄት ተወ። ቀይ ቢሆን የብረት ማዕድኑ ሄማታይት ነው ይባል ነበር። ከፋርማሲ የመጣውን የቁስል ማጠቢያ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋው ፈላ፤ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የሚባለው ጥቁር ማዕድን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቅርፊቱን አልፋችሁ ጠንካራውን ድንጋይ ንጣፉ ላይ ካሻችሁ ግን የሚወጣው ነጭ ዱቄት የንጣፉ ራሱ ነው፤ እሱን የድንጋዩ ነው ብሎ የሚሳሳት ብዙ ነው።

የልጁ እናት ይህን ሁሉ ቆመው አይተው «ልጄን እንደ ልጅዎ» ብለው አለቀሱ። ጋሼ፣ እሳቸው የተናገሩትን እኛ በጽሑፍ አንደርስበትም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የኮምቦልቻው እብነ በረድ ቆራጭ ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። ድንጋዩን በጀሶ አልጋ ላይ አስረህ፣ ውሃ ሳታቋርጥ፣ የአልማዝ ዲስኩን ሳትጫነው ቆረጥክልን። ደርቆ ቢቆረጥ ዲስኩ ይግላል፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ የሲሊካው (ኳርትዝ የተሠራበት ቁስ) ብናኝም ሳንባ ይጎዳል። ሁላችንን ጭምብል አስደርገህ ከበር ውጭ ማቆምህን ያኔ አጉረመረምንብህ፤ ልክ ነበርክ።

ሲከፈት ከዳር ግራጫ፣ ቀጥሎ የማር ቀለም ያለው ስስ ስስ የአጌት መስመር፣ መሃሉ ላይ የኳርትዝ ጥርስ፣ ከዚያም የእንቁላል አስኳል የሚያህል ባዶ ቦታ። የ2.4 ምስጢር ይኸው ነበር። 612 ለአጌቱ 2.6 ሲካፈል 235 ይመጣል፤ ከ255 የጎደለው 20 ሴንቲ ሜትር ኩብ ባዶው ነው። ሁለቱን ጎድጓዶች በሲሪንጅ ውሃ ስንሞላቸው ድምሩ ከዚያ ብዙም አልራቀም። የአካባቢያችን ባሳልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ) የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲፈስ ጋዝ የተወውን ቀዳዳ ሲሊካ ያለው ውሃ ከግድግዳው ወደ ውስጥ እየደራረበ ሞላው፤ ባሳልቱ ሲበሰብስ ጠንካራው ድቡልቡል ብቻ ተርፎ ወደ ፈፋው ወረደ።

ሚዛን ያዋሳችሁን ባለ ቅመም ሱቅ፣ የፋርማሲዋ እህታችን፣ ስባሪ ንጣፍ የሰጣችሁን፣ ቡና ያፈላችሁ ጎረቤቶች፣ በየእምነታችሁ ዱዓና ጸሎት ያደረጋችሁ ሁሉ፣ እናመሰግናለን። ዋጋ ስትጠሩ የሰነበታችሁ ደላሎች፣ አጌት ነው፤ በሉ እረፉ። ስማችሁን የዘለልነው ብዙ ነውና አትቀየሙን፤ የዚያን ሰሞን በሩ ላይ ማን እንዳልነበረ መቁጠር ይቀላል።

ጋሼ፣ ከሁለቱ ግማሽ ባዶው ጠለቅ ያለው የእርስዎ ነው። በሻካራው 220 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ጀምረን እስከ ደቃቁ 3000 ድረስ እናለስልሰው ወይስ መጋዙ እንደተወው ይሁን? እስኪነግሩን አንነካውም።