የማንገዛው ከረሜላ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሹ አሁንም ሲጫወት ያንተን ሳል ያስመስላል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ይህን ወሬ በስልክ ስጀምር "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ደግሞ አይቆራረጥም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለችልኝ። ኮትህን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ 11 የከረሜላ ወረቀት አገኘች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ያ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ወርቃማው ሳይቀር። አንደኛው ውስጥማ ግማሹ የተመጠጠ ከረሜላ ተመልሶ ተጠቅልሎ ነበር አለችኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ግን "ጣፋጭ ነገር አልገዛም" ነው ያልከው። አጠገብህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አልዋሸህም። እውነትህን ነው፣ አትገዛም። አንዱን ከባንክ መስኮት፣ ሌላውን ተራ ከምትጠብቅበት ጠረጴዛ፣ ሌላውን ከጎረቤት ልጅ ልደት ነው የምታመጣው። ሕጉን አላፈረስክም። ሕጉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ነው ያገኘሃት።

ልቆጣህ እንዳይመስልህ። እኔም በዚያችው ቀዳዳ ስሾልክ ስለከረምኩ ነው የምጽፍልህ።

ክብደት መቀነስ ከጀመርኩ 6 ወር ሆነኝ። እስካሁን ያልነገርኩህ "ማን ነው ወፍረሻል ያለሽ?" ብለህ ሰውዬውን ፍለጋ እንዳትነሳ ነው። ቤቴን አጽድቻለሁ። ብስኩት የለም፣ ለስላሳ የለም። ገበያ የምሄደው ጠግቤ ነው። ምሳዬን ከቤት ቋጥሬ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ እያደረግኩ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እንደውም አንድ ሳምንት ግማሽ ኪሎ ጨመርኩ። የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው። ባትሪ ቀየርኩለት።

ሚዛኑ ምንም አልሆነም ነበር። ሥራ ቦታችን ፕሪንተሩ አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ አለች። ከስብሰባ የተረፈው፣ የልደቱ፣ የሽኝቱ፣ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ያመጣው፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በስልካችን ግሩፕ "ኬክ አለ፣ ሳያልቅ ድረሱ" የምትል መልእክት ትገባለች። አባዬ፣ እሳት ተነሳ ቢባል እንደዚያ አንሮጥም።

ኬኩን እንዴት እንደምንበላው ልንገርህ። ሙሉ ቁራጭ የሚያነሳ ሰው የለም። ሁላችንም ዳይት ላይ ነና! የመጀመሪያው ሰው ቁራጩን በቢላ ለሁለት ይከፍልና ግማሹን ያነሳል። ቀጣዩ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። ወደ መውጫ ሰዓት ካርቶኑ ውስጥ የጣት ያህል የሳሳች ቁራጭ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች፣ ክሬሟ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ። እሷን ያነሳ ሰው ኬኩን ሁሉ የበላ ስለሚመስል ደፍሮ የሚነካት የለም። እኔ ታዲያ ወረቀት ላትም ብዬ እየተነሳሁ በቢላው ጫፍ እሸርፋታለሁ። አንድ ቀን ብቆጥረው 6 ጊዜ ተመላልሻለሁ። ማታ የበላሁትን በምጽፍበት ደብተር ላይ ግን ኬክ የሚል ቃል የለም። ሳህን አልያዝኩም፣ አልተቀመጥኩም፣ አልከፈልኩም። ታዲያ መቼ በላሁ? አንተ ራስህ "ሆድና ግንባር አይሸሸግም" ትል የለ? ደብተሩ ያልጻፈውን ቀበቶዬ ይዞታል።

ከሦስቱ ዋናዋ "አልከፈልኩም" የምትለዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ለሰዎች ሁለት ቸኮሌት አቀረቡላቸው፣ አንዱ ምርጥ፣ አንዱ ተራ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ከወሰዱት ሰዎች ከ100 73ቱ ትንሽ ጨመር አድርገው ምርጡን ገዙ። ቀጥሎ ከሁለቱም ዋጋ ላይ እኩል 1 ሳንቲም ተቀነሰ። ልዩነቱ ያው ነው፣ ግን በዚህች 1 ሳንቲም ተራው ቸኮሌት ነፃ ሆነ። ይኼኔ ከ100 69ኙ ወደ ተራው ዞሩ። የሚወዱትን ትተው ነፃውን ወሰዱ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ያ የስብሰባ ብስኩት ትዝ አለኝ። እንኳን ገንዘብ ላወጣበት፣ ሱቅ ውስጥ ባየው ዞር ብዬ አላየውም። አፍ ውስጥ እንደ ካርቶን ነው። ትሪ ላይ ሲሆን ግን 4 እበላለሁ፣ 2 ደግሞ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ያንተ ልጅ መሆኔ እዚህ ላይ ነው የታወቀኝ።

ሆድ መቼም ደረሰኝ አይጠይቅም። የተገዛም ይሁን የተሰጠ፣ 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ነው፣ 1 ግራም ስብ 9። አንተ ሒሳብ ስለምትወድ እንቁጠረው። አንድ ደረቅ ከረሜላ 5 ግራም ነው እንበል። 20 ካሎሪ ሆነ። በቀን 5 ብትመጥ 100 ካሎሪ፣ በዓመት 36,500። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ወረቀት ላይ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ሰውነት እንደ ደብተር ስላልሆነ ቁጥሩ በልኩ አይመጣም። ግን ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ስለ "ነፃ ስኳር" ነው የሚያወራው። ስለ እኔና ስለ አንተ የተጻፈ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። በነፃ የተገኘ ማለት ግን አይደለም። ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ነው፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ከተቻለ ከ5 በመቶ በታች። ይህ ወደ 25 ግራም ነው፣ 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ። ያንተ 5 ከረሜላዎች ብቻቸውን ጨረሱት። ሻይህን ገና አልቆጠርኩም።

ቁጥር ማወቅ ግን እኔን ከጠረጴዛዋ አላራቀኝም። መጀመሪያ ምሳዬን ዘለልኩ። ሞኝነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ የተጠኑበት ሙከራ ነበር። ቀን ከሌት ሐሳባቸው ምግብ ብቻ ሆነ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ቁጭ ብለው የሚያነቡ ሁሉ ነበሩ። እኔ ምሳ ብቻ ዘልዬ የግሩፑን መልእክት በየ5 ደቂቃው እከፍት ነበር፣ የእነሱን አስበው። አሁን ምሳዬን በደንብ እበላለሁ። ወረቀት የማትመውም ላይኛው ፎቅ ነው። ደረጃው ያደክማል፣ ግን እዚያ ኬክ የለም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይሉኝታው ነው። መጋገር የምትወድ አንዲት ትልቅ ሴት አብራን ትሠራለች። ሳህኑን ይዛ ጠረጴዛህ ድረስ ትመጣለች። "ለኔ ስትዪ ቅመሺ" ስትል ዓይኗን አይቶ እምቢ የሚል አንጀት የለኝም። አንድ ቀን ጥርሴን አሞኛል ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ የማይታኘክ ለስላሳ ኬክ ጋግራልኝ መጣች። ከዚያ እውነቱን ልናገር ብዬ "ዳይት ላይ ነኝ" አልኩ። ይህ ባሰ። ከየጠረጴዛው ሰው ተነሳ። "አንቺ ደሞ ምን ወፍረሽ ነው?" "አንድ ቀን ምንም አያደርግም!" የኛ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን አያልቅም፣ አባዬ። ሰኞ አንድ ቀን ነው፣ ማክሰኞም አንድ ቀን ነው።

የሠራልኝን ልንገርህ፣ ምናልባት ላንተም ይሆናል። "አመሰግናለሁ፣ አሁን ጠግቤያለሁ" እላለሁ። ምክንያት አልደረድርም፣ ምክንያት የሰጠህ ለት ክርክር ጀመርክ። ወዲያው ደግሞ "ግን እንዴት ብለሽ ነው እንዲህ ያነሳሽው?" ብዬ እጠይቃታለሁ። ስለ ሊጡ፣ ስለ ምድጃው፣ ልጇ እንዴት እንዳቃጠለባት 10 ደቂቃ ታወራልኛለች። ሳህኑን ትረሳዋለች። ሰው ድካሙ እንዲታይለት ነው የሚፈልገው። ማየት ደግሞ ካሎሪ የለውም።

ሁልጊዜ እምቢ አልልም። ባለፈው ወር የቅርብ ጓደኛዬ ልደት ነበር። ሳህን አነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ አንድ ሙሉ ቁራጭ እስከ ክሬሟ በላሁ፣ ደብተሬም ላይ ጻፍኩት። ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን ነገር ሱቅ ገብቼ በገንዘቤ እገዛው ነበር? ያን ኬክ እገዛዋለሁ። የስብሰባውን ብስኩት ግን በሕይወቴ አልገዛውም።

በእነዚህ 4 ወራት ከ82 ኪሎ 76 ገብቻለሁ። ብዙ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ ያየዋል ብዬ ነበር፣ እስካሁን ያየው ቀበቶዬ ብቻ ነው። ከክብደቴ ግን ከ7 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር የማነሳው ባንተ ምክንያት ነው። ሐኪሙ "ስኳር አልያዘህም፣ ደፉ ላይ ግን ቆመሃል" ብሎህ የለ? ልክ እንዳንተ ደፉ ላይ በቆሙ ሰዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በጥናቱ 3,234 ሰዎች ነበሩበት። ከእነሱ አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ታገዘ። በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ምንም ካልተደረገላቸው በ58 በመቶ ያነሰ ሆነ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ከሁሉም በለጡ፣ በ71 በመቶ። "እኔ አርጅቻለሁ፣ ለናንተ ለወጣቶቹ ነው" የምትለው ነገር እዚህ አይሠራም። አንተ 90 ኪሎ ነህ። 7 በመቶው 6 ኪሎ ከምናምን ነው።

ለእህቴ "ስኳሬ ድንገት ከወረደ ብዬ ነው የምይዘው" ብለሃታል አሉ። ጎበዝ! እኔም ለአንድ አፍታ አምኜህ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅኩት። እንደዚያ ከረሜላ መያዝ ያለባቸው ኢንሱሊን ወይም ስኳር ድንገት ሊያወርዱ የሚችሉ ክኒኖችን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። አንተ ከደም ግፊት መድኃኒትህ ሌላ የምትወስደው የለም። ይህቺኛዋ ቀዳዳ ተደፍናለች።

"ለልጆቹ ነው" የምትለዋ ግን አልተደፈነችም። ለሷ መልስ የለኝም። በሩን ገና ሳይከፍቱ እጃቸው ኪስህ ውስጥ እንደሚገባ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፊትህ እንዴት እንደሚበራም አይቻለሁ። ኪስህ ባዶ ሆኖ እንዲያገኙህ አልፈልግም። በከረሜላው ፈንታ ምን እንደምናስገባበት ግን እስካሁን አልመጣልኝም። ትንሹ ጠጠር ይወዳል። ትልቋ ምን እንደምትወድ አንተ ሳታውቅ አትቀርም።

ቅዳሜ ሁላችንም እንመጣለን። ኮትህን ለብሰህ ጠብቀን፣ ኪሱንም አስቀድመህ አታራግፈው። እኔም ቦርሳዬን እንዳለ ይዤ እመጣለሁ። ትናንት ከስብሰባ ያነሳኋት አንዲት ብስኩት አለች፣ በሶፍት ተጠቅልላ። እጄ እንዴት እንዳነሳት አላውቅም። አልበላኋትም። ግን ምግብ አይጣልም እያልክ ስላሳደግከኝ መጣልም አልቻልኩም። ምን እንደምናደርጋት አብረን እናስባለን።

የምትወድህ ልጅህ