ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አሪዮስቶ ሜዳሊያ ጀርባ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ስለ ጣሊያናዊው ገጣሚ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ የነሐስ ሜዳሊያ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ ገጣሚን ለማክበር በተሠራ ነገር ላይ እባብና መቀስ ምን አገባቸው ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ ቂምን በነሐስ ማቆየትም ነውር ነው ብለሻል። ሰው ሁሉ መልኩን አይቶ ያልፋል እንጂ፣ የዚህ ሜዳሊያ ትልቁ ነገር ያለው እውነትም ከጀርባው ነው።

በፊት ለፊቱ ያለው የተለመደ ነው፤ ፂማም ሰው በጎን ታይቶ፣ ዙሪያውን ስሙና ገጣሚነቱ በላቲን ተጽፏል። ሠሪው የፍሎረንሱ ዶሜኒኮ ፖጂኒ በ1520 የተወለደ ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሪዮስቶ በ1533 ፌራራ ውስጥ ሲያርፍ ገና ልጅ ነበር፤ ስለዚህ መልኩን የቀረጸው ሰውየውን ከፊቱ አስቀምጦ ሳይሆን ቀድሞ ከተሠራ ሥዕል ተነሥቶ መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ግን መቀስ የያዘ እጅ የእባብ ምላስ ሊቆርጥ ተዘርግቷል፤ ጽሑፉም «በበጎ ፈንታ ክፉ» ይላል። የዘመኑ ሜዳሊያ ሠሪዎች ምስሉን በሰም ቀርጸው፣ ቅርጹን አውጥተው ነሐስ ያፈሱበት ነበር፤ መዳፍ በማይሞላ ክብ ላይ እንደ እባብ ምላስ የቀጠነ ነገር ሳይደፈን እንዲወጣ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ያየ ሰው ያውቀዋል።

ይህን አባባል ፖጂኒ ከራሱ አላመጣውም። አሪዮስቶ ታላቁን የግጥም መጽሐፉን «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ»ን በ1516 ሲያሳትም ይኸው ቃል አብሮ ታትሞ ነበር፤ በዚያ የነበረው ሥዕል ግን ንቦች ከቀፏቸው በእሳት ሲባረሩ የሚያሳይ ነው። ማር ሲቆረጥ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እኔ ከእባቡ ይልቅ ንቦቹን እመርጣለሁ፤ የተበደለውን ያሳያሉና፤ እባቡ የሚያሳየው ግን በዳዩንና ቅጣቱን ነው።

በዳዩ ማን እንደ ሆነ አሪዮስቶ በስም አልጠራም፤ ብዙዎች ግን ዓይናቸውን በፌራራው መስፍን ወንድም በካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ ላይ ይጥላሉ። አሪዮስቶ አባቱ ሕግ እንዲማር አስገድደውት ዓመታት ካባከነ በኋላ፣ እሳቸው በ1500 ሲሞቱ የብዙ ታናናሾቹ ኃላፊነት በእሱ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ (እኔ አንቺን ሕግ አላስጠናሁም፤ ይህንንም በበጎ እንድትቆጥሪልኝ እፈልጋለሁ።) ቤተሰቡን ለማስተዳደር ከካርዲናሉ ዘንድ አደረ፤ መልእክት እያደረሰ፣ በክፉ መንገድ እየተመላለሰ ብዙ ዓመት አገለገለ፣ መጽሐፉንም ለእሳቸው አበረከተ። ካርዲናሉ አንብበው «ይህን ሁሉ ቅዠት ከየት አመጣኸው?» አሉት ይባላል። በ1517 ወደ ሃንጋሪ ተከተለኝ ሲሉት እንቢ በማለቱም እንጀራው ተቋረጠ።

በዚያው መጽሐፍ 33ኛ መዝሙር (የግጥሙ ምዕራፍ ማለት ነው) ውስጥ የእኛም አገር አለች። ሴናፖ የተባለው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በበትረ መንግሥት ፈንታ መስቀል የያዘ፣ ወርቅ የተትረፈረፈለት ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ ነገር ግን በወጣትነቱ በዓባይ ምንጭ ያለችውን ምድራዊ ገነት ለመውጋት በመነሣቱ እግዚአብሔር ዓይኑን አሳውሮታል፤ ምግብ በቀረበለት ቁጥርም ግማሽ ሴት ግማሽ አሞራ የሆኑ ፍጡራን እየመጡ ያረክሱበታል። ነፃ የሚያወጣው በክንፋም ፈረስ የመጣው አስቶልፎ ነው። መጽሐፉ ሲታተም በእውነት ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ልብነ ድንግል ነበሩ፤ የአሪዮስቶ ሴናፖ ግን እሳቸውን የሚመስል አይደለም፤ ሩቅ አገር ይገዛል ስለሚባለው ክርስቲያን፣ ስለ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ አውሮፓ ስትሰማው የኖረችው ወሬ ነው። ሆኖም ማዕድ ሞልቶ ተርፎ እያለ የሚራበውን ንጉሥ ባነበብሁ ቁጥር፣ ገጣሚው የቤተ መንግሥት ማዕድ ምን እንደሚመስል በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር ይታየኛል።

እንግዲህ ፖጂኒ ቂሙን በነሐስ ማቆየቱ አንቺ እንደምትዪው ነውር አይመስለኝም፤ ገጣሚው ራሱ የመረጠውን ቃል ነው የመለሰለት። ይሁን እንጂ ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቃል አጽፍ ነበር። አሪዮስቶ በኋለኛ ዘመኑ ፌራራ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ «ትንሽ ናት፤ ግን ለእኔ ትበቃለች፤ የማንም ዕዳ የለባትም፤ የተገዛችውም በገንዘቤ ነው» የሚል ሐሳብ ያለው የላቲን ጽሑፍ ተጽፎባታል። ይህ ለሜዳሊያው ጀርባ ከመቀሱም ከእባቡም ይልቅ ይስማማ ነበር።

አባትሽ